ለውጅግራ ዳይ ከመግዛት በፊት ጉሮሮውን መለካት

ጥያቄው ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው የመጣው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የአያታችን ውጅግራ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ። ዴንቨር የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ከኢትዮጵያ የሄደ ነው የተባለ ውጅግራ እዚያው ገዝቷል። ጥይቱ ሱቅ ስለማይገኝ ቀለህ ገዝቶ ራሱ ሊሞላ ነው። ዳይ ሊገዛ ሲል ግን ዓይነቱም ዋጋውም ግራ አጋባው። የትኛውን ይግዛ? እኔ ጋ የአያቴ አንድ ባዶ ቀለህ አለ፤ እማማ መርፌ ታስቀምጥበታለች። ከማስመሪያ ጎን አድርጌ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። እሱን ብልክለት ለልክ ይሆነዋል?»

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፣ ልጄ። ወንድምሽ ዳዩን ገና አይግዛ። መጀመሪያ የገዛውን ጠመንጃ ጉሮሮ ይለካ። ጉሮሮ የምለው ጥይቱ የሚጎርስበትን የበርሜሉን የኋላ ክፍል ነው። ዳይ የሚመረጠው በዚያ ክፍል ልክ እንጂ በጠመንጃው ስም አይደለም። ይህን የምለው ዕድሜዬን በቶርኖ ሥራ ስለጨረስኩ ነው። የአዘዞ ልጅ ነኝ። 20 ዓመት ያህል አሜሪካ ውስጥ ለአሮጌ ጠመንጃ ዳይና መለዋወጫ ሳወጣ ኖሬ ነው ወደ ጎንደር የተመለስኩት።

ዳይ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ሁለት ቃል ልበል። ዳይ ውስጡ በቀለህ ቅርጽ የተቦረቦረ ጠንካራ ብረት ነው። ፕሬስ በሚባለው የእጅ መጭመቂያ ላይ ይጠመዘዛል። ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ የተሠራበት ናስ ተለጥጦ የጉሮሮውን ግድግዳ ይይዛል። የመጀመሪያው ዳይ ያንን የተለጠጠ ናስ ጨምቆ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፤ ባሩዱን ለኩሶ የተቃጠለውን ካፕሱልም ገፍቶ ያወጣል። ሁለተኛው የቀለሁን አፍ ትንሽ ይከፍታል። ሦስተኛው አረሩን ቀጥ አድርጎ ይተክላል።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ። ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ከፈረንሳይኛው የመጣ ነው። ግራ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ጠመንጃ ማለት ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ነው። ጥይቱ በሙያው አጠራር 11 በ59 ይባላል፤ 11 ሚሜ አረሩ፣ 59 ሚሜ የቀለሁ ርዝመት። አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. በወገን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ነው። የውጅግራ ጥይት በአገራችን ገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለበት ዘመንም ነበር። አያቶቻችን ጥይቱን በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ያውቁት የነበረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ «ውጅግራ ነው፣ የ11 በ59 ዳይ ይግዛ» ብዬ መጨረስ እችል ነበር። ግን አይሆንም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳዮች ከእነዚህ ጠመንጃዎች ብዙዎቹን በርሜላቸውን ቀይረው ለበን የተባለውን ሌላ የፈረንሳይ ጠመንጃ ጥይት እንዲጎርሱ አድርገዋል። የለበን ጥይት 8 ሚሜ ነው። ከሩቅ ስታዪው ያው ውጅግራ ነው። ሰደፉ ያው፣ መዝጊያው ያው። ጉሮሮው ግን ሌላ ነው። የጣሊያኑ ቬተርሊም እንዲሁ ሆኗል። ሲወጣ የ10.35 ሚሜ ጠመንጃ ነበር፤ በኋላ ብዙው በርሜሉ ውስጥ ሌላ ቱቦ ገብቶበት ወደ 6.5 ሚሜ ተቀየረ። ከእኛ አገር የሄዱ ጠመንጃዎች ደግሞ በየእጁ ሲዞሩ ኖረዋል። በርሜላቸው ያጠረ አለ። ሰደፋቸው በጠፍር የታሰረ አለ። ጉሮሯቸው በፋይል የተፋቀም አጋጥሞኛል።

«11 ሚሜ ነው» የሚለው አነጋገርም ብዙ አይረዳም። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሠራዊት ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ 11 ሚሜ የሚጠጋ ጥይት ነበረው። የጀርመኑ ማውዘር 11.15 በ60 ነው። የስፔኑ ረሚንግተን 11.15 በ58 ነው። የግብፁ ረሚንግተን 11.43 በ50 ነው። አራቱም ጎን ለጎን ቢቀመጡ ላልለመደ ዓይን ወንድማማች ይመስላሉ። አንዱ ዳይ ግን ለሌላው አይሆንም።

በዚህ ራሴ ተቀጥቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ረሚንግተን ገዛሁ። ሻጩ ያንጠለጠለበት ወረቀት «የስፔን» ይላል። አመንኩ። የ11.15 በ58 ዳይ አዘዝኩ፤ 20 አዲስ ቀለህም ጨመርኩ። ዳዩ በትዕዛዝ የሚሠራ ስለነበር ወራት ጠበቅኩ። ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀለህ አዘጋጅቼ ወደ ጉሮሮው ሰደድኩት። 8 ሚሜ ያህል ውጭ ቀረ። ሁለተኛውም ያው። ያኔ ነው የጉሮሮውን ቅጂ ያወጣሁት። ጠመንጃው የግብፅ ሆኖ ተገኘ። ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ በ1875 እ.ኤ.አ. ጉንደት፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሲያሸንፉ የተማረከው ይኸው የግብፅ ረሚንግተን ነበር። በትዕዛዝ የተሠራ ዳይ አይመለስም። እስካሁን ከነሣጥኑ አለኝ። ወንድምሽ ይህን ወጪ እንዲያወጣ አልፈልግም።

ቅጂ ማውጣት ከባድ አይደለም። ሴሮሴፍ የሚባል፣ ቢስሙት ያለበት ለስላሳ ብረት አለ። የሚቀልጠው ከ70 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ይህ ከፈላ ውኃ በታች ነው። ጎንደር ከፍታዋ 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ዴንቨር ዝቅ ስለምትል 95 ገደማ ነው። በሁለቱም ከተማ ውኃ ላይ በተቀመጠ ቆርቆሮ ይቀልጣል፤ እሳት ላይ በቀጥታ መጣድ አያስፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ሁለቴ ይታያል። መዝጊያው ይወጣል። ጉሮሮው በደንብ ይጠረጋል፤ አሮጌ ቅባትና ዝገት ካለ ቅጂው ላይ ይታተማል። ከዚያ ከአፈሙዙ በኩል ዘንግ ተሰዶ፣ ጉሮሮው ካለቀበት ሁለት ሴንቲ ያህል አለፍ ብሎ በጨርቅ ይደፈናል። ጠመንጃው አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ይቆማል። የቀለጠው ብረት ቀስ ተብሎ፣ ሳይቋረጥ ይፈሳል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብረቱ ትንሽ ይሰበሰባል። ያኔ በዘንግ ከፊት ገፋ ሲያደርጉት ይወጣል። ከዚያ ቀስ በቀስ መልሶ ይሰፋል። ከፈሰሰ አንድ ሰዓት ሲሆነው ልኩ ከጉሮሮው ልክ ጋር እኩል ይሆናል። መለካት ያለበት ያኔ ነው። ብዙ ሰው ማታ አፍስሶ በሳምንቱ ይለካዋል። በሳምንቱ ግን ብረቱ ከጉሮሮው በልጦ ሰፍቷል። ሰዓት ይያዝ።

ቅጂው እጅ ላይ ሲያርፍ የሚያበራ ትንሽ ሐውልት ይመስላል። ትከሻው፣ አንገቱ፣ በርሜሉ ውስጥ የተቀረጹት መስመሮች መጀመሪያ ሁሉ ይታያል። በ1874ቱ ውጅግራ ላይ አራት መስመር ይቆጠራል። እኔ ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርቼው፣ ብረቱ ሸርተት ብሎ ሲወጣ አሁንም ልቤ ይመታል።

አምስት ቦታ ይለካ፦ የቂጡን ጠርዝ፣ ከጠርዙ ከፍ ብሎ ያለውን ግርጌ፣ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ ሙሉ ርዝመቱን። ካሊፐር ይበቃል፣ ማይክሮሜትር ካለ ይሻላል። የ11 በ59 ውጅግራ ከሆነ ጠርዙ 17 ሚሜ፣ ግርጌው 13.8 ሚሜ ገደማ ይሆናል። አንገቱ ወደ 12 ሚሜ ይጠጋል። የጠመንጃው ጉሮሮ ከዚህ ትንሽ ሰፋ ብሎ ቢገኝ አይደንግጥ፤ የዘመኑ አሠራር ነው፣ ዕድሜውም 150 ዓመት ገደማ ነው።

ሁለተኛው ልክ የበርሜሉ ነው። የለሰለሰ ንጹሕ እርሳስ ድብልብል ተደርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ በበርሜሉ ውስጥ በዘንግ ይገፋል። ሲወጣ የመስመሮቹ ጥልቀት ታትሞበታል። ሰፊው ልክ አረሩ ስንት ይሁን የሚለውን ይመልሳል። የእርሳስ አረር ከዚያ ልክ ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሜ ቢበልጥ ነው በርሜሉን በደንብ የሚይዘው። አራት መስመር ያለው በርሜል ለመለካት ይመቻል፤ ትይዩ ለትይዩ ነው። ስናድር የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ቢሆን ሦስት መስመር ያለው ስለሚያጋጥም ካሊፐሩ ያሳስታል።

እነዚህ ሁለት ልኮች ካሉ ዳይ መምረጥ ግማሹ አለቀ። አሁን ወንድምሽ ሲያዝ የሚጠይቀውን ልንገርሽ።

ጥንዱን አይግዛ፣ ሦስቱን ይግዛ። ለዘመናዊ ባለ አንገት ጥይት ዳይ አብዛኛውን ጊዜ በጥንድ ይሸጣል። እሱ ነሐስ ለለበሰ አረር ጥሩ ነው። የእርሳስ አረር ግን ለስላሳ ነው። አፉ ያልተከፈተ ቀለህ ውስጥ ሲገባ ጎኑ ይላጣል። እኔ እንዲህ የተላጠ አረር አውጥቼ አይቻለሁ፤ አንድ ጎኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ አረር ኢላማ አይመታም፤ ጉሮሮውንም በእርሳስ ይሞላዋል። አፍ ከፋቹ ዳይ የግድ ነው።

የአፍ ከፋቹን ልክም ይጠይቅ። አምራቾች የሚያስገቡት በመጽሐፍ ላይ ላለው አረር ነው። የወንድምሽ በርሜል 11.40 ሚሜ ቢለካ አረሩ 11.45 ይሆናል። አፍ ከፋቹ ከአረሩ በትንሹ፣ በ0.05 ሚሜ ገደማ ያነሰ መሆን አለበት። አምራቹ ጋ ደውሎ «አፍ ከፋቹን በዚህ ልክ ሥሩልኝ» ቢላቸው ብዙዎቹ ይሠራሉ። ቀላል የቶርኖ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ሒሳብ አለች። ብዙ ሰው ይረሳታል። የአረሩን ልክ ይውሰድ። የቀለሁን አንገት ውፍረት ሁለቴ ይደምርበት። 11.45 ሲደመር 0.30 ሲደመር 0.30፣ 12.05 ይመጣል። ይህ ቁጥር ቅጂው ላይ ከለካው አንገት ማነስ አለበት። ጉሮሮው 12.15 ከሆነ ጥይቱ ይገባል፣ ሲተኮስም አንገቱ ተከፍቶ አረሩን ይለቃል። ጉሮሮው 12.00 ከሆነ ግን ጥይቱ አይገባም። በጉልበት ካስገባው ደግሞ አንገቱ የሚከፈትበት ቦታ አይኖረውም፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ይህ አደጋ ነው። መፍትሔው አንገቱ ሳሳ ያለ ቀለህ መግዛት ወይም የቀለሁን አንገት በቶርኖ ማሳሳት ነው። ዳይ በመቀየር አይፈታም።

የመጀመሪያው ዳይ፣ ጨምቆ የሚመልሰው፣ ሌላ ጣጣ አለው። አምራቹ የሚሠራው ሥዕሉ ላይ ባለው ጠባብ ልክ ነው። የአሮጌው ጠመንጃ ጉሮሮ ሰፊ ነው። ናሱ ሲተኮስ ይሰፋል፣ ዳዩ ውስጥ ሲገባ በኃይል ይጠባል። ይህን ጥቂት ጊዜ ከደጋገመ ከግርጌው ከፍ ብሎ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ይመጣል። የዚህ ጥይት ቀለህ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ዳዩን እስከ ታች አያጥብቀው። ከፍ አድርጎ ይሰረው፣ አንገቱን ብቻ ይመልስ። የውጅግራ ቀለህ ጉሮሮው ውስጥ የሚቆመው በቂጡ ጠርዝ ነው። ትከሻውን መግፋት አያስፈልገውም። በራሱ ጠመንጃ የተተኮሰ ቀለህ ለዚያው ጠመንጃ ልክ ሆኖ ተቀርጿል።

ከሁሉ የሚሻለው በልክ የሚሰፋው ዳይ ነው። ለአምራቹ በዚያው ጠመንጃ የተተኮሱ ሁለት ሦስት ቀለሆች ይላካሉ። እነሱ ያንን ለክተው ዳዩን ይሠራሉ። የተተኮሰ ቀለህ ከሌለ የጉሮሮውን ቅጂ ልክ የሚቀበሉ አሉ። ኦሃዮ፣ ማውንት ቨርነን ያለው ሲኤች ፎር ዲ የተባለው አምራች በጠፉ ጥይቶች ዳይ የታወቀ ነው። አርሲቢኤስ የተባለው አምራችም ለብርቅዬ ጥይቶች ዳይ ይሠራል፤ ዳዮቹን በምድብ ከፍሎ ስለሚሸጥ ብርቅ በሆነ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የእኔ ምክር፣ መጀመሪያ ከማውጫ ላይ ያለውን ሦስት ዳይ ገዝቶ አንገት ብቻ እያጠበበ ይሥራ። በልክ የሚሠራውን ያኔ፣ የተተኮሰ ቀለህ በእጁ ሲኖር ይወስናል። ብሩንም ጊዜውንም ይቆጥባል።

ያገለገለ ዳይ ርካሽ ሆኖ ካገኘ መጥፎ አይደለም። ላዩ ላይ የተቀረጸውን ስም ካሊፐር ይዞ ያረጋግጥ። ጥጥ በእንጨት ጠቅልሎ ውስጡን ይጥረግ። ጥጡ ከተያዘ ውስጡ ተቧጭሯል፣ ይተወው።

ፕሬሱ ላይ የሚጠመዘዘው የዳይ ጥርስ የተለመደው 7/8 ኢንች ነው፤ በኢንች 14 ጥርስ። ወደ 22 ሚሜ ውፍረት ማለት ነው። የውጅግራ ቀለህ ግርጌ 13.8 ሚሜ ስለሆነ በዚህ ውስጥ በደንብ ይቀመጣል። ዘመዶቻችሁ ስናድር ቢኖራቸው ግን ነገሩ ይለያል። የስናድር ግርጌ ከ16.5 ሚሜ በላይ ነው። 22 ሚሜ ብረት ውስጥ ያንን ከቦረቦርሽ ግድግዳው ይሳሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ1¼ ኢንች ዳይ ነው፤ እሱን የሚቀበል ትልቅ ፕሬስም ይፈልጋል። ቀለሁን ፕሬሱ ላይ በጠርዙ የሚይዘውን ቀለህ ያዡንም ከዳዩ ጋር አብሮ ይዘዝ። የለበን ቀለህ ከውጅግራ ቀለህ የተወለደ ስለሆነ «የለበኑ ያዥ ይሆናል» የሚሉ አሉ። ግርጌያቸው ዘመድ ነው፣ ጠርዛቸው ግን አንድ አይደለም፤ የውጅግራው አንድ ሚሊ ያህል ይሰፋል።

ስለ ባሩድ አጥብቄ የምለው አለ። ይህ ጠመንጃ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው። መዝጊያው የሚይዘው በእጀታው ሥር ብቻ ነው። ከጥቁር ባሩድ ወይም ለእሱ ምትክ ተብሎ ከተሠራው ውጭ ምንም አይግባበት። ልኩን ከታተመ የጥይት ሙሌት መጽሐፍ ያውጣ፣ ከሰው አፍ አይስማ። ከመተኮሱ በፊትም መዝጊያውንና በርሜሉን የጠመንጃ ባለሙያ ይይለት። ደግሞ «11 ሚሜ ቪከርስ» የሚል አሮጌ ጥይት ቢያገኝ አይግዛ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአውሮፕላን መትረየስ የተሠራ ነው። ቅርጹ የውጅግራ ነው፣ ኃይሉ ግን ለውጅግራ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችሁ። የአያትሽ ጠመንጃ ወንድምሽ እዚያ ከሚሠራው ሥራ ጋር አይገናኝ። በእኛ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። መሣሪያ መያዝም ጥይት መሥራትም ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ካልተመዘገበ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ «እስቲ አንዴ እናጩኸው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እንዳይሞከር። ከአያትሽ ዘመን ጀምሮ መዝጊያውን ያየው ባለሙያ የለም። እኔ መጥቼ አየዋለሁ። ባዶ መሆኑን አረጋግጬ፣ በርሜሉን በዘይት ጠርጌ፣ ሰደፉ ላይ ያለው ጠፍር እንዳይደርቅ አድርጌ እሰቅልላችኋለሁ። ቅጂም ማውጣት እችላለሁ፤ የቀለጠ ብረት ብቻ ስለሚገባበት ምንም አይጎዳውም።

የቀለሁ ነገር ቀረ። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ርዝመቱ ለ60 ትንሽ ይጎድለዋል፣ ጠርዙ 17 ላይ ያርፋል። የአያትሽ ቀለህ የ11 በ59 ውጅግራ ነው። ስለዚህ የእናንተው ጠመንጃ በርሜሉ ያልተቀየረ ሊሆን ይችላል። ለወንድምሽ ግን አትላኪለት። ያ ናስ የሰፋው በሌላ ጉሮሮ ነው፣ በእሱ ልክ የተሠራ ዳይ ለዴንቨሩ ጠመንጃ አይሆንም። እንደገና ሊሞላም አይገባም። የዚያ ዘመን ካፕሱል ሜርኩሪ ያለበት ስለነበር ናሱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ላዩ ቢያብረቀርቅም ሲጨመቅ ይሰነጠቃል። በለብ ያለ ውኃና በሳሙና እጠቢው፣ በደንብ አድርቂው፣ ለእማማ መልሺላቸው። መርፌያቸውን ያስቀምጡበት።